የውርንጭላው ታላቅ እኅት

ጥያቄ፦

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ። የምኖረው ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ሲሆን የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ታላቋ 11 ዓመቷ ነው፤ ታናሽ ወንድሟ 7 ሞልቶታል። የሰፈራችን ወጣቶች የጅቡንና የአህዮቹን ተረት ለልጆች ትያትር አድርገው ከፋሲካ በኋላ በቀበሌው አዳራሽ ሁለት እሑድ ሊያሳዩ ስለተነሡ፣ ባለፈው ቅዳሜ ልጆችን ሰብስበው ፈትነው ነበር። ልጄ የእናት አህያዋን ንግግር ሦስት ሳምንት ሙሉ ስታጠና ሰነበተች፤ እንጀራ ስጋግር ከጎኔ ቆማ ትለዋለች፣ ዕቃ ስታጥብም ትለዋለች። በዕለቱ እኔ ገበያ ስለነበርኩ ወንድሟን ቤት የሚይዘው ጠፍቶ ይዛው ሄደች። እርሷ ተፈትና ከጨረሰች በኋላ አዘጋጁ በር ላይ የቆመውን ልጅ አይቶ «አንተስ፣ እናቱ የጠፋችበት ውርንጭላ እንዴት ነው የሚጣራው?» ቢለው፣ ጃኬቱን አውልቆ ለእኅቱ አስያዘና መሐል ገብቶ አዳራሹን በጩኸት አናወጠው።

አሁን ውርንጭላው እርሱ ነው። እናት አህያዋን ሌላ ልጅ ወሰደችው። ለልጄ የደረሳት ከመንጋው አንዷ መሆን ሲሆን የምትናገረውም «ጅብ መጣ!» የሚል ሁለት ቃል ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ አታለቅስም፣ አትቆጣም፣ ዝም ብላለች። አባታቸው «እንግዲያው ሁለቱም ይቅሩ» ይላል። እናቴ ደግሞ ከመጀመሪያውም «ልጆቹን አዝማሪ ልታደርጊያቸው ነው ወይ?» ብላ አልወደደችውም። እኔ አዘጋጁን ለምኜ ድርሻዋን እንዲያስረዝምላት፣ ካልሆነም ወንድሟን እያስጠናች እንድትጽናና ለማድረግ አስቤአለሁ። ልምምዱ የፊታችን ቅዳሜ ይጀመራል። ምን ይመክሩኛል? የአህያ ልብሱንም በየቤታችሁ ስፉ ተብለናልና ከጆንያ ብሰፋው ይሆናል ወይ?

መልስ፦

ውድ እኅቴ፣ ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ በሦስቱም ጊዜ የቆምኩት ስለ ድርሻው ማነስ ወይም ስለ አባትየው ውሳኔ በጻፉት ላይ ሳይሆን፣ እርስዎ እንደ ቀላል ነገር አልፈውት በሄዱት አንድ ሐረግ ላይ ነው። ልጅዎ ወንድሟ ሲፈተን ጃኬቱን ይዛለት ቆማ ነበር። ሦስት ሳምንት ያጠናችውን ንግግር ተናግራ ጨርሳ፣ ልቧ ገና ሳይረጋ፣ «ምን ይሉኝ ይሆን?» እያለች በምትጠብቅበት ሰዓት ሞግዚት ነበረች። ሌሎቹ ልጆች ወደ አዳራሹ የገቡት እጃቸውን ባዶ አድርገው ነው፤ የእርሷ እጅ ግን ሲገባ የወንድሟን እጅ፣ ሲወጣ ደግሞ የወንድሟን ጃኬት ይዞ ነበር።

ይህን የምለው እርስዎን ለመውቀስ አይደለም። ገበያ መዋል ግድ ነው፤ በእኛ አገር ታላቅ ሴት ልጅ የቤቱ ሁለተኛ እናት መሆኗም ትናንት የተጀመረ ነገር አይደለም። ነገር ግን ዝምታዋ የመጣው ከሁለቱ ቃላት ማነስ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ለራሷ ብላ፣ ማንም ሳያዛት፣ ምናልባትም በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረችው ነገር ተመልሶ የወንድሟ ነገር ሆነባት። ስለዚህ የምመክርዎ ሁሉ ከዚህ ይነሣል፤ የእርሷን ትያትር ከወንድሟ ትያትር ይለዩላት።

አባትየው ያሰቡትን እረዳለሁ፤ በሁለት ልጆች መካከል ፍርድ ላለማጓደል ከመፈለግ የመጣ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱ ቢቀሩ ልጁ በጥፋት ሳይሆን በመመረጡ ይቀጣል፤ ልጅቷ ደግሞ ከራሷ ኀዘን በላይ «በእኔ ምክንያት ወንድሜ ቀረ» የሚል ሸክም ይጨመርባታል። እርሱም 7 ዓመቱ ቢሆንም ያስቀረችው ማን እንደሆነች አይጠፋውም።

አዘጋጁን መለመኑም አይበጅም። እኔ መምህር በነበርኩበት ዘመን ለብዙ ዓመታት የትያትር ክበብ ስለያዝኩ፣ ልጆች ሲመረጡ ምን እንደሚታይ ከወንበሩ በዚያኛው ወገን ሆኜ አውቀዋለሁ። ወላጅ የሚያየው ማን ይበልጥ እንዳጠና ነው፤ አዘጋጅ የሚያየው ግን መድረኩ ላይ አጠገብ ለአጠገብ ሲቆሙ ማን ምን እንደሚመስል ጭምር ነው። ውርንጭላ ትንሽ መሆን አለበት፤ እናት አህያ ደግሞ ከመጨረሻው አግዳሚ ወንበር የተቀመጠ ሰው እንኳ እናትነቷን በቁመቷ እንዲለይ ረዘም ማለት ይኖርባታል። ምናልባት ልጅዎን የቀደመቻት ልጅ በአንድ ስንዝር ነው የቀደመቻት። ሌላም ነገር አለ። ንግግርን ለብቻው ከምጣድ ጎን ቆሞ ያጠና ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ቃሉን አንድም ሳይስት ይለዋል፤ ነገር ግን የሚለው ለምጣዱ ነው። አዘጋጁ መሐል ላይ አቋርጦ ሌላ ነገር ቢጠይቀው፣ ወይም ሌላው ልጅ ያልተጠበቀ መልስ ቢሰጠው፣ ይደነግጥና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ምንም ያላጠናው ወንድሟ ግን የሚጠፋበት ቃል ስላልነበረው፣ የተጠየቀውን ሰምቶ ለጠየቀው ሰው መለሰ። ይህ የተሰጥዖ ማነስ አይደለም፤ በልምምድ የሚመጣ ነገር ነው፤ ሦስት ሳምንት ሳይሰለች ያጠና ልጅ ደግሞ ይህንን ለመማር ትዕግሥት አያጣም። አዘጋጁን የሚጠይቅ ሰው ካስፈለገ እርሷ ራሷ ትጠይቀው፤ ጥያቄዋም «ለምን አልመረጥከኝም?» ሳይሆን «በሚቀጥለው ምን ላሻሽል?» የሚል ይሁን። ካልፈለገች ግን አያስገድዷት።

ከሁሉ ይበልጥ የምለምንዎ ወንድሟን እንድታስጠናው ያሰቡትን እንዲተዉት ነው። ሐሳቡ ከፍቅር እንደመጣ አውቃለሁ፤ እኔም አንድ ጊዜ በዚያው ፍቅር ተሳስቻለሁ። ሐይቅ ከተማ ሳስተምር ሁለት እኅትማማቾች ለትምህርት ዘመኑ መዝጊያ ትያትር ቀረቡ። ታናሺቱን መረጥኳት፤ ታላቂቱ እንዳይከፋት ብዬ ደግሞ «አንቺ አስጠኚዋ ነሽ» አልኳት። ልጅቷ እሺ ብላ የእኅቷን ቃል በሙሉ፣ የሌሎቹንም ጭምር በቃሏ ያዘችው። በዕለቱ ከመጋረጃው ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ የተጻፈበትን ደብተር ጉልበቷ ላይ ዘግታ አስቀምጣ፣ ታናሽየዋ በጠፋባት ቁጥር በሹክሹክታ ታቀብላት ነበር። ሕዝቡ ሲያጨበጭብ እኔ ወደ መጋረጃው ዞሬ ፈገግ አልኩላት፤ ያን ፈገግታ ለእርሷ የሚበቃ ምስጋና አድርጌ ቆጥሬው ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ልጅ ወልዳ፣ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ውስጥ አግኝታኝ አቅፋ ሳመችኝና ስለዚያ ቀን ስናወራ፣ «እትዬ፣ ቃሉን አሁንም አልረሳሁትም እኮ፤ ሰው ፊት ግን አንድ ቀን ብየው አላውቅም» አለችኝ። ቅሬታ አልነበረበትም፤ እንዲያው እውነቱን ነው የነገረችኝ። እኔ ግን ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ስለዚህ የልጁን ቃል የምታስጠኑት እርስዎና አባቱ ናችሁ። አባትየው ፍርድ እንዳይጓደል መፈለጋቸው ከልብ ከሆነ ፍርዱ ያለው እዚህ ላይ ነውና፣ ማታ ማታ ሩብ ሰዓት ከልጁ ጋር ይቀመጡ። በ7 ዓመቱ ማንበብ ገና ስለማይቀናው በጆሮው ይያዘው፤ እርሳቸው አንዱን ዐረፍተ ነገር ይበሉ፣ እርሱ ይድገም፤ በአንድ ምሽት ከሦስት ወይም ከአራት ዐረፍተ ነገር አይለፉ። አነጋገሩን ግን አያርሙት። ያን አዳራሽ ያናወጠው ጩኸት ማንም ያላስተማረው ነው፤ ቤት ውስጥ «እንዲህ በል፣ እንዲያ በል» ከተባለ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ይጠፋል።

ቡና ሲፈላም ይጠንቀቁ። ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ውስጥ አንዷ «እስቲ ውርንጭላው፣ ጩህልን!» ማለቷ አይቀርም፤ ልጁም ይጮኻል፤ ሁሉም ይስቃል፤ ሲኒ የምታቀርበውና ፈንዲሻ የምታዞረው ግን እኅቱ ናት። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ከፈተናው ቀን ይልቅ ይጎዳታል። «ትያትሩን ያን ጊዜ መጥታችሁ ታያላችሁ» ብለው በፈገግታ ያልፉት። ልጁ መደሰቱን ግን አይከልክሉት፤ እኅቱን ለማስደሰት ሲሉ እርሱን «ዝም በል» ማለት ደስታን ጥፋት ያስመስልበታል።

አሁን ወደ እርሷ ልመለስ። እስከ ቅዳሜ ድረስ ጥቂት ቀናት አሉዎት። ከቤት ይውጡና፣ ለብቻዎ ከእርሷ ጋር፣ ወንድሟ ሳይከተል፣ በእግር ይሂዱ፤ ወደ ፒያሳም ይሁን ወደ ሌላ ቦታ፣ የሚገዛ ነገር ፈልገው ይሁን። ልጆች ፊት ለፊት ተቀምጠው ከሚያወሩት ጎን ለጎን እየሄዱ የሚያወሩት ይበልጣል። «ሁሉም ድርሻ እኩል ነው» አይበሏት፤ እኩል እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ያን ያሏት ቀን ሌላውን ቃልዎንም ማመን ትተዋለች። ይልቁንስ «ያን ቀን ወንድምሽን ይዘሽ መሄድ አልነበረብሽም፤ እርሱ የእኔ ሥራ ነበር» ይበሏት። ከዚያ በኋላ ዝም ይበሉ። ምናልባት ታለቅሳለች፤ ምናልባት ስለ ሌላ ነገር ታወራለች። ሁለቱም መልስ ነው።

ከዚያም ምርጫውን ለእርሷ ይስጧት። መተው ከፈለገች ከቅዳሜ በፊት ትተው፤ ማንም አይወቅሳት፤ ወንድሟም ይቀጥል። ከገባች ግን እስከ ሁለተኛው እሑድ ድረስ መቆየት እንዳለባት አስቀድመው ይንገሯት፤ ምክንያቱም ልምምድ ከተጀመረ በኋላ አንድ አህያ ከመንጋው ብትጎድል የሁሉም አሰላለፍ ይፈርሳል፤ የቀሩት ልጆች የት እንደሚቆሙ እንደገና መማር ይኖርባቸዋል።

ለመቀጠል ከመረጠች ስለነዚያ ሁለት ቃላት ልታውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ ይህን እንደ ማጽናኛ ሳይሆን እንደ ሥራ ይንገሯት። «ጅብ መጣ!» የሚለው ቃል የመንጋው ሩጫ፣ የውርንጭላው ከእናቱ መለየት፣ የጅቡም መግባት የተንጠለጠሉበት ቃል ነው። አንድ እስትንፋስ ቢዘገይ ጅቡ መጋረጃ ጀርባ ቆሞ ይቀራል፤ ቢቀድም ደግሞ እናት አህያዋ ንግግሯን ሳትጨርስ መንጋው ይበተናል። ስለዚህ ይህን ቃል የምትናገር ልጅ ከዚያ በፊት የሚባለውን ሁሉ እየሰማች፣ እየጋጠች፣ ጆሮዋን እያቆመች መጠበቅ አለባት። ጅቡን መጀመሪያ በዓይኗ ማየት፣ መደንገጥ፣ ከዚያ መናገር ነው። ቃሏ ትንሽ የሆነባት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የምትሳሳተው ተራዋ እስኪደርስ ሕዝቡ ውስጥ እናቷን ስትፈልግ ነው። የቀደመው ችግሯ ለምጣዱ መናገር ከነበረ፣ ሰምቶ መመለስን የምትማርበት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላገኝላትም።

ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት አዘጋጁን ሊጠይቁት የሚገባዎ ሌላ ነገር አለ፤ ይህንንም ሳያፍሩ ይጠይቁት። ልምምዱ በስንት ሰዓት ያልቃል? የደሴ ብርድ ከጦሳ ተራራ ጭጋግ ጋር ሲወርድ አይጣል ነውና፣ ከመሸ በኋላ ልጆች ባጃጅ ፍለጋ መንገድ ዳር መቆም የለባቸውም። በልምምዱ ቦታ ከልጆቹ ጋር የምትሆን አዋቂ ሴት አለች ወይ? ልብስ የሚቀይሩበት ቦታ ለሴቶቹና ለወንዶቹ ተለይቷል ወይ? በሩስ በማን ይጠበቃል? ደህና አዘጋጅ በእነዚህ ጥያቄዎች አይቆጣም፤ ከተቆጣ ያ ራሱ መልስ ነው። ጾሙንም ያንሱ። በሰፈራችን ረመዳንን ለመጾም የሚሞክር ልጅም፣ 55ቱን የዐቢይ ጾም ከእናቱ ጋር የሚይዝ ልጅም በአንድ መድረክ ላይ ሊቆሙ ይችላሉና፣ መሮጥና መጮኽ ያለበት ልምምድ ጉሮሮ በሚደርቅበት በምሽቱ ዋዜማ ባይሆን ይመረጣል። ልጆቹን የሚያደርሰውና የሚመልሰው ግን ሁልጊዜ አዋቂ ይሁን። እርስዎ ካልቻሉ አባትየው፣ እርሳቸው ካልቻሉ ጎረቤት ይሂድ፤ ታላቂቱ ታናሽየውን ይዛ እንዳትሄድ። አንድ አዳራሽ ውስጥ ቢሆኑም እርሷ ከመንጋው ጋር ትሁን፣ እርሱም ለአዘጋጁ ይተው።

ስለ እናትዎ ቃል ቅር አይበልዎት። የተናገሩት ካዩት ዘመን ነው። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለአራት ዐሥርት ዓመታት ያህል ተረት እያወሩ የልጅ ሁሉ አያት የሆኑት አባባ ተስፋዬ ሣህሉ፣ በወጣትነታቸው የሴት ልብስ ለብሰው የሴት ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ ነበር፤ ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር ይቆጠር ስለነበር የሚጫወት ሴት አይገኝም ነበርና። እናትዎ ያደጉት ከዚያ ዘመን ብዙም ባልራቀ ጊዜ ነው፤ ፍርሃታቸው ለልጅ ልጃቸው ክብር ነው። ነገር ግን ወሎ ራሱ ከአራቱ ቅኝቶች ለሁለቱ፣ ለአምባሰልና ለባቲ፣ ስም የሰጠ፣ በመንዙማውም በሽብሸባውም ያደገ አገር ነው፤ የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ሲጫወት ያዩ ሰዎችም ዛሬ አያቶች ሆነዋል፤ እናትዎም ከእነርሱ አንዷ ሊሆኑ ይችላሉ። በክርክር አያሸንፏቸው። ተረቱን ይጠይቋቸው። «አያ ጅቦ፣ ሳታመኻኝ ብላኝ» ያለችውን አህያ እርሳቸው በልጅነታቸው እንዴት እንደሰሟት ለልጅ ልጃቸው ይንገሯት፤ ጅቡ በምን እንዳመኻኘ፣ አህያዋ ምን እንደመለሰች በየቤቱ ይለያያል። ለታላቂቱ ብቻ ይንገሯት፤ ወንድሟ በዚያ ሰዓት ቃሉን ከአባቱ ጋር ያጥና። ወደ ልምምዱም አያቷ የነገሯትን ይዛ ስትሄድ ከሌሎቹ ማንም የሌለው ነገር በእጇ ይኖራል።

ትያትሩ በሁለት እሑድ መታየቱ መልካም አጋጣሚ ነው። በመጀመሪያው እሑድ ዓይንዎ ከልጅቷ ላይ አይነሣ፤ ቃሏን ስትናገር ብቻ ሳይሆን ዝም ብላ ስትግጥም፣ ስትሮጥም፣ መጨረሻ ላይ ስትሰለፍም ይዩዋት። አባትየው በዚያ ቀን ልጁን ይዩት። በሁለተኛው እሑድ ተለዋወጡ። ሁለት ልጆች አንድ መድረክ ላይ ሲወጡ ዓይን ብዙ ወደሚናገረው ይሄዳል፤ ማታ ቤት ስትገቡ ለአንዱ ብዙ የምትሉት ይኖራችሁና ለሌላዋ «አንቺም ጎበዝ ነበርሽ» ብቻ ይቀራል። አንድ ያዩትን ነገር ለይተው ይንገሯት፤ «ጅቡ ሳይወጣ አንገትሽን ቀና ስታደርጊ እኔም ደነገጥኩ» ዓይነት። ስልክ ይዛችሁ ከፊት ቆማችሁ አትቅረጹ፤ ልጆች ከስልክ ጀርባ ያለውን ፊት ለማየት ሲሉ ቃላቸው ይጠፋቸዋል።

ልብሱን በተመለከተ፣ ጆንያ ከሩቅ ሲታይ የአህያ ቆዳ ይመስላልና ሐሳብዎ ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን አያድርጉት፤ አንገትና ብብት ላይ ይኮሰኩሳል፣ ልጅም እያከከ መጫወት አይችልም። ሁለት ጊዜ አጥበው አቧራውን ካስለቀቁ በኋላ ውስጡን በአሮጌ አቡጀዴ ይገብሩት፤ ብርዱም ስላለ ከሥሩ ሹራብ እንዲያስገባ አድርገው ሰፋ አድርገው ይስፉት። ጆሮውን ከካርቶን ቆርጠው ግራጫ ጨርቅ ያልብሱትና በላስቲክ ጭንቅላት ላይ ያስሩት፤ ሲያስሩት ግን የልጆቹን የራሳቸውን ጆሮ እንዳይሸፍን ይጠንቀቁ፤ በተለይ «ጅብ መጣ!» የምትለው ልጅ ከእርሷ በፊት የሚነገረውን አንድ በአንድ መስማት አለባት። ከሁለቱ የእርሷን አስቀድመው ይስፉ፤ ከወንድሟ የተረፈው ጨርቅ እንዳይደርሳት።